«ሌላ ሰው የመሆኑ ዕድል» አንበል፦ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ የአማርኛ አስተርጓሚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎችም ግዛቶች በፍርድ ቤት ለምታገለግሉ የአማርኛ አስተርጓሚዎች

ጉዳዩ፦ የዲኤንኤ ማስረጃ ቁጥሮችን ወደ አማርኛ ስለመመለስ

ውድ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። የወንጀል ላቦራቶሪ ባለሙያ ምሎ ምስክር ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቀዋል፤ እሱም ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦ «ከተከሳሹ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌለው፣ በዘፈቀደ የተወሰደ አንድ ሰው ይህንኑ የዲኤንኤ ፕሮፋይል ይዞ የመገኘቱ ዕድል ከአንድ ሚሊዮን አንድ ነው።» ፕሮፋይል የሚባለው በተወሰኑ የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ የሚነበቡት ምልክቶች ስብስብ ነው። ተከሳሹ አጠገብ ተቀምጠን በጆሮው የምናንሾካሹከው እኛ፣ ምስክሩ ወደሚቀጥለው ሳይሻገር ለመድረስ ስንጣደፍ፣ «ሌላ ሰው የመሆኑ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው» ብለን እናልፋለን። አጭር ነው፤ ለአፍ ይቀላል፤ አማርኛውም አይጎረብጥም። ምስክሩ ግን እንዲህ አላለም።

ወደዚህ ሙያ ከመግባቴ በፊት ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። ባለፈው ክረምት ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ለልምምድ ተሰብስበን ሳለ ይህችን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አነበብኩና ሁሉም በየወረቀቱ እንዲመልሳት ጠየቅሁ። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ አብዛኞቹ ገልብጠዋታል። ሒሳብ አስተማሪ የነበርኩት እኔ ራሴም ለዓመታት ገልብጬ ስናገር እንደኖርኩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስለሆነ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። በችሎት የሰማሁትን ማውጣት ቃለ መሐላዬ ስለማይፈቅድልኝ፣ ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉዳዮች በይፋ ከታተሙ ፍርዶችና ጥናቶች የወጡ ናቸው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጳጳስ ሁሉ ጢም አለው፤ ጢም ያለው ሁሉ ግን ጳጳስ አይደለም። «ሰውየው ጳጳስ ከሆነ ጢም የመኖሩ ዕድል» እና «ጢም ካለው ጳጳስ የመሆኑ ዕድል» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ልጅም ያውቃል። የላቦራቶሪው ቁጥር የሚመልሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ ነው፦ ናሙናው ከሌላ ሰው የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሌላ ሰው እንዲህ ካለው ፕሮፋይል ጋር በአጋጣሚ የመግጠሙ ነገር ምን ያህል ብርቅ ነው? እኛ የምንናገረው ደግሞ ሁለተኛውን ነው፦ ፕሮፋይሉ ከገጠመ፣ ናሙናው የሌላ ሰው የመሆኑ ነገር ምን ያህል ብርቅ ነው? የኋለኛውን ጥያቄ ላቦራቶሪው ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

በቁጥር እንየው። የዋሽንግተን ከተማና ዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሕዝብ በድምሩ ከ6 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ከሚሊዮን አንድ ሰው የሚይዘው ፕሮፋይል ከሆነ፣ በዚህ አካባቢ ብቻ ከተከሳሹ ሌላ ወደ 6 የሚጠጉ ሰዎች ይዘውት ሊገኙ ይችላሉ ብለን እንጠብቃለን። ስለ ተከሳሹ ሌላ አንዳች ማስረጃ ባይኖር፣ እርሱ ከ7ቱ አንዱ ነው። ከሰባት አንድና ከ«ሚሊዮን አንድ» ምን አገናኛቸው? በእርግጥ ሰውየው በዚያ ሰዓት በቦታው የታየ ከሆነ፣ ከተጎጂው ጋር ጠብ የነበረው ከሆነ፣ ሚዛኑ ወዲያው ያጋድላል፤ ዲኤንኤውም እጅግ ከባድ ማስረጃ ይሆናል። ያንን ሌላ ማስረጃ መዝኖ ከቁጥሩ ጋር ማስተያየት ግን የዳኛውና የጁሪው፣ ማለትም ለፍርድ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ሥራ ነው እንጂ የባለሙያው አይደለም። በአስተርጓሚ ምላስ ላይማ ጭራሽ ሊወሰን አይገባም።

የእኛው የጥንቱ አውጫጭኝ ይህን ነገር ለማስረዳት ይመቸኛል። በአውጫጭኝ ጊዜ መጀመሪያ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ማን የት እንደነበረ፣ ማን ምን እንዳየ እየተጠየቀ ጥርጣሬው ይጠባል። የዲኤንኤው ቁጥር ስለ ምልክቱ ብርቅነት ብቻ ይናገራል፤ ሸንጎው ላይ መቀመጥ የነበረባቸው ሃያ ሰዎች ይሁኑ ስድስት ሚሊዮን አያውቅም። በሃያ ሰው መካከል ከሚሊዮን አንድ ማለትና በስድስት ሚሊዮን ሰው መካከል ከሚሊዮን አንድ ማለት አንድ አይደለም።

ለምንድን ነው ይህ ስህተት በተለይ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የጸናው ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። መልሱ ቤታችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ዲኤንኤ የሚባለውን ነገር ያወቅነው በወንጀል ሳይሆን ልጅ ወይም ወላጅ ከአገር ቤት ለማምጣት ስንሞክር ነው። ኤምባሲው ምርመራ ይጠይቃል፤ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ እንጨት ይወሰዳል፤ ከሳምንታት በኋላ «99.99 በመቶ» የሚል ወረቀት ይመጣል። ያ ቁጥር በእውነትም «አባቱ የመሆኑ ዕድል» ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለወላጅነት የሚጠይቀው ትንሹ መጠን 99.5 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣለት ሰው ደስ ብሎት ወረቀቱን ያጥፋል። ስለዚህ ዲኤንኤና መቶኛ ሲነሡ አእምሯችን የሚያስበው እንደዚያ ነው።

ነገር ግን ያ 99.5 ከየት መጣ? ላቦራቶሪው መጀመሪያ የሚያገኘው ቁጥር ሌላ ነው፤ «እርሱ አባት ቢሆን ይህ ውጤት የሚገኝበት ዕድል፣ እንዲሁ የመጣ ሰው አባት ቢሆን ከሚገኝበት ዕድል ስንት እጥፍ ነው?» የሚል። ይህ የአባትነት መጠን 199 ከሆነ፣ 199ን ለ200 ሲያካፍሉት 99.5 በመቶ ይሰጣል። ለምን ለ200? ምክንያቱም ላቦራቶሪው ከምርመራው በፊት ሰውየው አባት የመሆኑን ነገር እኩል በእኩል፣ 50 በመቶ፣ ብሎ ይነሣል። ይህ መነሻ ከሰውየው ታሪክ አልተወሰደም፤ እንደ ሥርዓት የተቀበሉት ነው፤ ብዙ ጊዜም ወረቀቱ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። እናት፣ አባትና ልጅ ፈቅደው በቀረቡበት የቤተሰብ ጉዳይ ይህ መነሻ ያን ያህል አያስቆጣ ይሆናል። በወንጀል ችሎት ግን ማንም ተከሳሽ «ከምርመራው በፊት ግማሽ በግማሽ ወንጀለኛ ነው» ተብሎ ሊነሣበት አይችልም። የወንጀል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ያንን የመጨረሻ መቶኛ የማይሰጡት ለዚህ ነው። እኛ ግን ሳናውቀው እንጨምርላቸዋለን።

ቤተሰብ ስለተነሣ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2008 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ናይሮቢ ውስጥ፣ በአብዛኛው ሶማሌና ኢትዮጵያውያን በሆኑ ስደተኞች ላይ የሙከራ ዲኤንኤ ምርመራ ጀመረ፤ ኋላም ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሰፋው። የተባለው የሥጋ ዝምድና ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱ ቤተሰቦች ብቻ ነው ተብሎ የቤተሰብ ማገናኛው ፕሮግራም ለዓመታት ቆመ። ብዙ ሰው ያን ቁጥር «ከ80 በመቶ በላይ ዋሽተዋል» ብሎ አነበበው። ሆኖም ባልተረጋገጡት ውስጥ ምርመራውን እምቢ ያሉም አብረው ተቆጥረው ነበር፤ ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ካልገጠመም ቤተሰቡ በሙሉ ያልተረጋገጠ ይባል ነበር። ማጭበርበር አልነበረም እያልኩ አይደለም፤ ነበረ። ነገር ግን የሟች እህቱን ልጅ «ልጄ» ብሎ ያሳደገ ሰው በእኛ አገር ውሸታም አይባልም። ቁጥር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህል ሕይወት ይዞ እንደሚወድቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ወደ ፍርድ ቤት ልመለስ። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ በአንድ የወንጀል ክስ ባለሙያው ከሦስት ሚሊዮን አንድ የሚል ቁጥር ሰጠ። ከዚያ «ስለዚህ ሌላ ሰው የመሆኑ ነገር ከሦስት ሚሊዮን አንድ ነው ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ አለ። እኛ በአማርኛ የምናደርገውን መገልበጥ እነርሱ በገዛ ቋንቋቸው አደረጉት ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1993 መጨረሻ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በ1996 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ለባለሙያዎች መመሪያ አወጣ፤ ባለሙያው የፕሮፋይሉን ብርቅነት ይናገር፣ ናሙናው የተከሳሹ የመሆኑን ዕድል ግን አይናገር የሚል ነው። ፍርዱ ራሱ የሰጠው ምሳሌ ግልጽ ነው፦ ፕሮፋይሉን ከሚሊዮን አንድ ሰው የሚይዘው ከሆነ፣ ተከሳሹ በብሪታንያ ውስጥ ይህን ከሚጋሩት ምናልባት 26 ወንዶች አንዱ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በጥር 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የኔቫዳ ጉዳይ ነው፤ ማክዳንኤል እና ብራውን ተብሎ ይታወቃል። በሥር ፍርድ ቤት ባለሙያዋ ከዝምድና ውጭ የሆነ ሰው በአጋጣሚ የመግጠሙ ዕድል ከ3 ሚሊዮን አንድ ነው አለች። ዐቃቤ ሕጉ ግን በሌላ መልክ እንድትናገረው ይጎተጉታታል፤ የተከሳሹ ላለመሆኑ 0.000033 በመቶ ነው ብንል ልክ ነው? እያለ። ባለሙያዋ አመነታች፤ በዚያ መልክ ማስቀመጡን አልወደደችውም። በመጨረሻ ግን እንዲህ ማለት «ትክክል አይደለም አይባልም» በሚል ዓይነት ቃል ተስማማች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን መገልበጥ በስሙ ጠርቶ፣ የዐቃቤ ሕግ ስህተት ብሎ፣ ምን እንደሆነ አብራርቶ ጻፈው። ሰውየው ግን በዚህ አልተለቀቀም፤ በዚያ ደረጃ የነበረው የሕግ ጥያቄ ሌላ ስለነበር የታች ይግባኝ ፍርድ ቤት ለእርሱ የሰጠው ውሳኔ ተሽሯል።

እስቲ እዚያች ባለሙያ አጠገብ እኛ ነበርን እንበል። «ትክክል አይደለም አይባልም» የሚለውን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ምን እንለዋለን? «ትክክል ነው» የምንል ስንቶቻችን ነን? ማመንታቷ፣ ያ ግማሽ እምቢታዋ፣ የምስክርነቷ ዋና ክፍል ነበር። እርሱን ከጣልን ሁሉንም ጥለናል።

በዚያው ጉዳይ ሌላም ትምህርት አለ። ተከሳሹ አራት ወንድሞች ነበሩት። ባለሙያዋ አንድ ወንድም የመግጠሙን ዕድል ከ6,500 አንድ ብላ ነበር፤ በኋላ በመከላከያ በኩል የቀረበ ሌላ ባለሙያ ግን ከአራቱ ወንድሞች ቢያንስ አንዱ የመግጠሙን ዕድል ከ66 አንድ አደረሰው። ከሦስት ሚሊዮን ወደ ስድሳ ስድስት! የአንድ እናትና አባት ልጆች በእያንዳንዱ የዲኤንኤ ቦታ ላይ ሁለቱንም ቅጂ አንድ ዓይነት የመውረሳቸው ዕድል ከአራት አንድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ከተከሳሹ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌለው» የምትለዋ ሐረግ ለማሳመሪያ የገባች አይደለችም። ስንጣደፍ መጀመሪያ የምንጥላት ግን እርሷን ነው። ከሰባትና ከስምንት ወንድማማቾች አንዱ ለሆነ ወገናችን እርሷ ምን ማለት እንደሆነች አስቡት።

ሌላው ቃል «ሊገለል አልቻለም» የሚለው ነው፤ ዲኤንኤው የእርሱ ሊሆን አይችልም ለማለት አልተቻለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ቃል «ዲኤንኤው ተገኝቷል» እያልኩ አልፈው ነበር። «ሊገለል አልቻለም» በአማርኛ ጆሮን ይጎረብጣል፤ ሰው «ታዲያ ነው ወይስ አይደለም?» ይላል። መጎርበጡ ግን የእውነቱ አካል ነው። በተለይ ናሙናው የሁለት፣ የሦስት፣ የአራት ሰው ዲኤንኤ ተቀላቅሎበት ሲገኝ፣ ከመንገደኛው መካከል ከድብልቁ የማይገለለው ሰው ብዙ ሊሆን ይችላል። ኢቲኤል ድሮርና ግሬግ ሃምፒኪያን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በእውነተኛ ክስ የቀረበን አንድ ድብልቅ ናሙና ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቁ 17 ባለሙያዎች ሰጧቸው። በክሱ ላይ የቀረበው መደምደሚያ ተከሳሹ ሊገለል አልቻለም የሚል ነበር። ከ17ቱ በዚያ የተስማማው 1 ብቻ ነው፤ 4ቱ መደምደም አይቻልም አሉ፤ 12ቱ ሰውየው ተገልሏል አሉ። አንድ ናሙና፣ ሦስት መልስ። በአማርኛችን ሦስቱን መልሶች ሦስት አድርገን ካላስቀመጥናቸው ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ ደካማነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«መደምደም አይቻልም» የሚለውንም «ምንም አልተገኘም» አንበለው። ምንም አልተገኘም ማለት ለተከሳሹ የምሥራች ነው፤ መደምደም አይቻልም ማለት ግን ወደየትኛውም ወገን አያጋድልም። «ተመሳሰለ» እና «የእርሱ ነው» መካከልም እንዲሁ ገደል አለ። እኔ አሁን «ገጠመ» ወይም «ተመሳሰለ» እላለሁ፤ «አንድ ሆነ» እና «የእርሱ መሆኑ ታወቀ» ከአፌ እንዳይወጡ እጠነቀቃለሁ።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ላቦራቶሪዎች ድብልቅ ናሙናን የሚያሰሉት በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ኤስቲአርሚክስና ትሩአሊል የሚባሉትን በሪፖርት ላይ ሳታዩ አትቀሩም። እነዚህ የሚሰጡት ላይክሊሁድ ሬሾ የሚባል ንጽጽር ነው፦ «ይህ ውጤት ተከሳሹና አንድ ያልታወቀ ሰው ተቀላቅለውበት ቢሆን የሚገኝበት ዕድል፣ ሁለት ያልታወቁ ሰዎች ተቀላቅለውበት ቢሆን ከሚገኝበት ዕድል ይህን ያህል እጥፍ ነው።» ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። ትርጉሙ ያለው ግን በሁለቱ «ቢሆን» ላይ ነው። አንዱን «ቢሆን» ከጣሉት፣ «ተከሳሹ የመሆኑ ዕድል አሥር ሺህ እጥፍ ነው» ይሆንና ያው የቀድሞው መገልበጥ ይመለሳል። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ሁለተኛው ሐሳብ ሲቀየርም ቁጥሩ ይቀየራል፤ «ያልታወቀ ሰው» በሚለው ቦታ «የተከሳሹ ወንድም» ቢገባ ሌላ መልስ ይመጣል።

ከቁጥሩ ጋር የሚሄድ የቃል ደረጃም አላቸው። የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት መመሪያ እንደምረዳው፣ ከ2 እስከ 99 ውስን ድጋፍ፣ ከ100 እስከ 9,999 መጠነኛ ድጋፍ፣ ከ10,000 እስከ 999,999 ጠንካራ ድጋፍ፣ ከ1 ሚሊዮን ጀምሮ እጅግ ጠንካራ ድጋፍ ይባላል። 80 እጥፍ የሚል ቁጥር ለተራ ጆሮ ብዙ ነው፤ በደረጃው ግን «ውስን» ነው። ስለዚህ «ውስን» ሲባል «የተወሰነ ማስረጃ አለ» ብለን አናሞቀው።

ስለ ዜሮዎች አጭር ቃል። ሙሉ ፕሮፋይል ሲገኝ ቁጥሩ ከሚሊዮን አልፎ ኳድሪሊዮንና ኩዊንቲሊዮን ይደርሳል። በአማርኛ ከትሪሊዮን በላይ የለመድነው ስም ስለሌለ አንዳንዶቻችን ሁሉንም «ቢሊዮን» ብለን እንጠቀልለዋለን። ኳድሪሊዮን ሚሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ነው፤ 15 ዜሮ አለው። ኩዊንቲሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ነው፤ 18 ዜሮ። ስሙን እንዳለ ተናግሮ ዜሮውን መቁጠር ይሻላል።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ ማንም ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ገደማ ነውና። ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ዲኤንኤው በአጋጣሚ ስለመግጠሙ። እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይናገርም፤ ናሙና በላቦራቶሪ ውስጥ ተቀያይሮ እንደሆነም አያውቅም። በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተገደለ ሰው ጥፍር ሥር የአንድ ቤት አልባ ሰው ዲኤንኤ ተገኘ። ሰውየው በግድያ ተከሶ ከአምስት ወር በላይ ታሰረ። በኋላ የሕክምና መዝገቡ ሲታይ በዚያች ሌሊት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ወደ ሆስፒታል የወሰዱት የአምቡላንስ ሠራተኞች ከሰዓታት በኋላ ወደ ግድያው ቦታ የተጠሩት እነርሱው ነበሩ፤ ዲኤንኤውን ሳያውቁ ይዘውት ሄዱ። የዲኤንኤው ባለቤት እርሱ ነበር፤ ቁጥሩ አልዋሸም። ገዳዩ ግን አልነበረም።

ዲኤንኤ ንጹሕን ሰው ማዳን የጀመረው ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ ይህን እንዳንዘነጋው እወዳለሁ። አሌክ ጄፍሪስ በመስከረም 1984 ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘዴውን ካገኘ በኋላ፣ በዚያው አካባቢ በደረሰ ግድያ አምኛለሁ ብሎ ቃሉን የሰጠን የ17 ዓመት ልጅ ነጻ ያወጣው ያው ዲኤንኤ ነው። እውነተኛው ጥፋተኛ በጥር 1988 ተፈረደበት። ይህን የምለው ደብዳቤዬ በዲኤንኤ ላይ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ ነው። እንዲያውም ስለማከብረው ነው በትክክል እንዲነገር የምፈልገው።

ለእኛ ወገን የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጠበቆችም ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም። የፕሮፋይሉ ብርቅነት የሚሰላው ከሕዝብ ሠንጠረዥ፣ ማለትም እያንዳንዱ የዲኤንኤ ምልክት በአንድ ሕዝብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ከሚያሳይ ዝርዝር ነው። የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች በተለምዶ የሚያወጡት ለነጮች፣ ለአፍሪካ አሜሪካውያን፣ ለሂስፓኒክና ለእስያውያን ነው። ከጎንደር ወይም ከሐረር የመጣ ሰው የትኛው ውስጥ ነው? የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ የዘር ስብጥር አያቶቻቸው በአብዛኛው ከምዕራብና ከማዕከላዊ አፍሪካ ከመጡት ከአፍሪካ አሜሪካውያን ጋር አንድ አይደለም። ከጥር 2017 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የዲኤንኤ መረጃ ቋት በሚጠቀምባቸው 20 የዲኤንኤ ቦታዎች ሁሉ ፕሮፋይሉ ከተገኘ፣ ሠንጠረዡ ቢቀየርም ቁጥሩ እጅግ ብርቅ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህ ብዙ መጨነቅ አይገባም። ናሙናው ተጎድቶ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ሲነበቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለዚሁ ሲባል ዴቪድ ባልዲንግና ሪቻርድ ኒኮልስ በ1994 ያቀረቡት፣ በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሪፖርትም የተቀበለው የማስተካከያ ስሌት አለ። ይህን መጠየቅ የጠበቃው ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ባለሙያው «በአፍሪካ አሜሪካውያን ሠንጠረዥ» ሲል «በጥቁሮች ዘንድ» ብለን እንዳናሰፋው መጠንቀቅ ነው፤ ተከሳሹ የሚሰማው «በእኔ ወገን ዘንድ» እንደተባለ ነው።

አሁን የምለምናችሁን ልናገር። አስተርጓሚ አያብራራም፣ አይመክርም፤ ይህን ሥነ ምግባራችንን አፍርሱ አልላችሁም። ዓረፍተ ነገሩ አሻሚ ሲሆን ግን ዳኛውን «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» ማለት መብታችንም ግዴታችንም ነው። ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ራሱ ገልብጦ ቢናገር ደግሞ እንደተገለበጠ እንተርጉመው፤ ማቃናት የተቃራኒ ወገን ሥራ ነው። ዲኤንኤ ያለበት ጉዳይ ሲመደብላችሁ ሪፖርቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የፍርድ ቤቶች የትርጉም ጽሕፈት ቤቶችም ይህን ደብዳቤ የሚያነብላችሁ ሰው ካለ፣ ቃላቱን በችሎት ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳንሰማ የላቦራቶሪውን ሪፖርት ከቀናት በፊት ላኩልን።

ከችሎቱ ይልቅ ደግሞ በጠበቃው ቢሮና በእስር ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠንቀቅ እንበል። በዚህ አገር አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚያልቀው ጁሪ ሳይቀመጥ በድርድር ነው። ጠበቃው የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ወጣቱ ተከሳሽ «ምን ይላል?» ብሎ ፊታችንን ያያል። «አንተ ላለመሆንህ ከሚሊዮን አንድ ዕድል ነው ያለህ» ካልነው፣ ያልሠራውንም ቢሆን አምኖ ይፈርማል። ያ ፊርማ ከእስራት አልፎ ከአገር መባረርን ሊያመጣበት ይችላል፤ እናቱ ደግሞ ስልኩን ይዛ አዲስ አበባ ቁጭ ብላለች።

ለልምምድ የተቀመጥን ጊዜ በመጨረሻ የተስማማንበት ትርጉም ይህ ነው፦ «ናሙናው የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው ከተከሳሹ ጋር የማይዛመድ እንደሆነ ብንወስድ፣ እንዲህ ካለው ፕሮፋይል ጋር በአጋጣሚ የሚገጥመው ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንዱ ነው።» ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ በፈጣን ንግግር ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ «ብንወስድ» የምትለዋም አላረካችኝም። ከዚህ ያጠረና «ቢሆን ኖሮ»ን ያልጣለ አማርኛ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የሁላችንን ሰብስቤ ለሁላችሁም እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያ ባልደረባችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ